ሞዴስ ውስጥ ያለው ጄል መርዝ ነው? ስለ ጥጥ፣ ስለ ቃጫና ስለ «ኬሚካል»

 

ሰሞኑን ኢንቦክሴን ያጨናነቀው አንድ ቪዲዮ ነው። አንዲት ልጅ ሞዴስ በመቀስ ትሰነጥቅና ውሃ ታፈስበታለች። ከዚያ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣውን ጄል በጣቷ አንስታ «ይኸው! ቀኑን ሙሉ ገላችሁ ላይ አድርጋችሁት የምትውሉት ይሄ ኬሚካል ነው። መካን ያደርጋል፣ የማህፀን ካንሰር ያመጣል» ትላለች። ቪዲዮውን የላኩልኝ ብዙዎቹ የካምፓስ ተማሪዎች ናቸው። የጨቅላ ልጅ እናቶችም አሉ፣ ዳይፐር ውስጥ ያለው ያው ጄል ነዋ። አንድ አባት ደግሞ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ ለልጄ ሞዴስ መግዛት ላቁምና ወደ ጨርቅ ትመለስ እንዴ?»

በቀጥታ ልመልስ። አታቁም። ሞዴስ መካን አያደርግም። የማህፀን በር ካንሰርም አያመጣም። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች ክትባት እየተሰጠ ነው። ልጅህ እድሜዋ ከደረሰ ብር ማውጣት ሳይሆን እሱን ማስከተብ ነው የሚያዋጣው።

እኔ የምሰራው ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቪዲዮ በዞረ ቁጥር የሚሆነውን አያለሁ። ልጆቹ ሞዴሱን ፈርተው ወደ አሮጌ ጨርቅ ይመለሳሉ፤ ጨርቁን ወንድሞቻቸው እንዳያዩባቸው አልጋ ስር ወይም ከልብስ በታች ያደርቁታል (ያው አይደርቅም)፤ ከዚያ ጭናቸው ተላልጦ፣ ፈንገስ ይዟቸው ይመጣሉ። ያልነበረ መርዝ ሸሽተው እውነተኛ በሽታ ላይ ወደቁ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሁፍ ታገሱኝ። ያ የሚመጥጠው ነገር ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተደረገበትና የቱ ጋ መጠንቀቅ እንዳለብን እናያለን።

ጥጥ ራሱ ውሃ አይጠጣም!

«ኬሚካል የሌለው፣ ንጹህ የተፈጥሮ ጥጥ ብቻ ነው የምጠቀመው» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ይቺን ሙከራ ቤት ውስጥ ሞክሯት። ገበያ ሄዳችሁ ለፈትል የሚሸጠውን፣ ፍሬው ብቻ የወጣለትን ጥጥ ትንሽ ግዙ። ከፋርማሲ ደግሞ ቁስል የሚጠረግበትን ጥጥ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡና ከሁለቱም ቆንጠር እያደረጋችሁ በቀስታ ላዩ ላይ ጣሉ።

የፋርማሲው በሰከንዶች ውስጥ ርሶ ይሰምጣል። የገበያው ግን ይንሳፈፋል። በጣታችሁ ካልደፈቃችሁት ቁጭ ብሎ ያያችኋል።

ለምን? ጥጥ ከ90 በመቶ በላይ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ማለት የተክሎች ሁሉ አካል የተሰራበት ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ዙሪያውን ውሃ የሚወዱ ጫፎች አሉት። ነገር ግን ተክሉ ከዝናብ እንዲከላከልለት እያንዳንዱን ጭረት በስስ ሰም ይለብጠዋል። ሰሙ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ያቺ አንድ እጅ ግን ውሃውን በር ላይ ትመልሰዋለች። የፋርማሲ ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ ሰሙ ወጥቶለታል፣ ከዚያ ደግሞ እንዲነጣ ተደርጓል። ማለትም «የተፈጥሮ» ብላችሁ የምታመሰግኑት ጥጥ መምጠጥ የጀመረው ኬሚካል ስላገኘው ነው።

ይሄን እናቶቻችን ስሙን ሳይጠሩት ያውቁታል። በእጅ በተፈተለ ማግ የተሰራ አዲስ ጋቢ መጀመሪያ ሲታጠብ ቶሎ አይርስም፤ ሳሙና እየነካው፣ እየታጠበ ሲሄድ ነው ውሃ መጠጣት የሚለምደው። ሳሙናው ሰሙን እያወጣለት ነው። ለንጽህና ጨርቅ አዲስ ብትን ጨርቅ ከመቅደድ ይልቅ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ልብስ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። አዲሱ አይመጥጥም፣ ያፈሳል።

ሞዴስ ውስጥ ያለው ግን ጥጥ አይደለም

አብዛኞቹ የአንድ ጊዜ ሞዴሶችና ዳይፐሮች ውስጥ ያለው ለስላሳ ነጭ ነገር እንጨት ነው። አዎ፣ እንጨት! በብዛት የሚመጣውም ከደቡብ ምስራቅ አሜሪካ የጥድ ዛፎች ነው። በእንጨት ውስጥ ሴሉሎሱን ሊግኒን የሚባል ነገር እንደ ሙጫ አጣብቆ ይይዘዋል። ዛፍን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ እንጨትንም እንጨት የሚያሰኘው እሱ ነው። ፋብሪካው የተፈጨውን እንጨት በጠንካራ ኬሚካል ይቀቅልና ሊግኒኑን አውጥቶ ይጥላል፣ የቀረውን ያነጣዋል፣ ከዚያ በማሽን እንደ ባዘቶ ያፍታታዋል።

ወደ ሴቶች የደረሰበት መንገድ ደግሞ ይገርማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቁስል የሚሆን ጥጥ እጥረት ነበር። ኪምበርሊ ክላርክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከእንጨት የተሰራ፣ ከጥጥ በላይ የሚመጥጥ የቁስል መሸፈኛ ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። የግንባር ነርሶች አዩና ለወር አበባቸው ተጠቀሙበት። ጦርነቱ ሲያልቅ ድርጅቱ ሐሳቡን ከነርሶቹ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1920 ኮቴክስ ብሎ ሸጠው። እኛ «ሞዴስ» የምንለው ስምም በ1920ዎቹ ገበያ ላይ የወጣ የሌላ ድርጅት ምርት ስም ነው። ኦሞ እንደምንለው ማለት ነው፣ የአንዱ ስም የሁሉም ሆነ።

ስለ ማንጫው አንድ እውነት ልጨምር፣ ስጋቱ ከምንም አልተነሳምና። ድሮ እንጨቱ የሚነጣው በክሎሪን ጋዝ ነበር። ያ ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባል መርዛማ ነገር በጣም በትንሹ ይፈጥራል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጫና ሲበዛ ፋብሪካዎች ወደ ሌላ ማንጫ ዞሩ። አንዳንዱ ክሎሪን ጨርሶ አይነካም። ዛሬ በቲክቶክ የሚዞረው ወሬ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ጄሉስ?

ጄሉ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። የፕላስቲክ ቤተሰብ ነው። መነሻው ግን ተክል ነበር። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች የበቆሎ ስታርች ላይ ሌላ ሰንሰለት በኬሚካል «አዳቅለው» የራሱን ክብደት ብዙ መቶ እጥፍ ውሃ የሚይዝ ዱቄት ሰሩ። ያሰቡት አፈር እርጥበት እንዲይዝ ነበር። በኋላ ስታርቹ ተትቶ ሰንሰለቱ ብቻ ቀረ።

ጄሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙሌት ያላቸው ጫፎች ስላሉ ውሃን ይስባሉ፣ እርስ በርስም ይገፋፋሉ፤ መረቡ ይነፋል። ቪዲዮው ላይ በንጹህ ውሃ ያን ያህል ያበጠው፣ ሽንት ወይም ደም ቢሆን ኖሮ እጅግ ያነሰ ነበር የሚይዘው፣ ጨው ስላለው። የነፋው ጄል ላይ የወጥ ጨው ነስንሱ፣ ውሃውን መልሶ ሲተፋው ታያላችሁ።

ጤናን በተመለከተ፣ ሞለኪዩሉ በጣም ትልቅ ስለሆነ በቆዳ አልፎ ወደ ደም አይገባም። ህጻን ልጅ ዳይፐሩ ተቀዶ ትንሽ ቢልስ በመርዝነቱ አትደንግጡ። አፉን ጥረጉ፣ ውሃ ስጡት። በርከት አድርጎ ከዋጠ፣ ካሳለው ወይም ካስመለሰው ግን ሆድ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ሊያብጥ ስለሚችል ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር

የተክል ቃጫ በኬሚካል ተቀይሮ ጄል ሊሆን ይችላል። ሴሉሎስን በኮስቲክ ሶዳ አርሰው ከአንድ አሲድ ጋር ሲያዋህዱት ሰንሰለቱ ላይ ሙሌት ያላቸው ጫፎች ይበቅላሉ። ውጤቱ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል አይደል? የጥርስ ሳሙናችሁን ወፍራም የሚያደርገው፣ አይስክሬም እንዳይሻክር የሚገባው፣ ለደረቀ ዓይን የምናዘው ጠብታ ውስጥ ያለው እሱ ነው። የመድኃኒት ወረቀት የማንበብ ልማድ ካላችሁ «ክሮስካርሜሎስ ሶዲየም» የሚል ታገኛላችሁ። እሱም ያው የተቀየረ ቃጫ ነው። ክኒኑ ሆዳችሁ ውስጥ ውሃ ሲነካው ያብጥና ክኒኑን ይበትነዋል። እንበላዋለን፣ ዓይናችን ውስጥ እንጨምረዋለን፣ ጉዳት የለውም።

ይሄው «ጉዳት የለውም» ያልኩት ነገር አንድ ጊዜ ሰው ገድሏል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሪላይ የሚባል ታምፖን ወጣ። ታምፖን እንደምታውቁት ወደ ብልት ውስጥ የሚገባው ነው፣ እኛ አገር ተጠቃሚው ጥቂት ነው። የሪላይ ውስጡ በዚህ በተቀየረ ሴሉሎስና በስፖንጅ ቁርጥራጭ የተሞላ ነበር። ከሁሉም በላይ ይመጥጣል፣ ሳይቀየር ረጅም ሰዓት ይቆያል ተብሎ ተሸጠ፤ ሴቶቹም ወደዱት። ከዚያ ወጣት፣ ጤነኛ ሴቶች በወር አበባቸው ቀን በድንገት በከባድ ትኩሳት፣ በማስመለስ፣ በፀሐይ የተቃጠለ በሚመስል ሽፍታና በደም ግፊት መውረድ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታመው በአስሮች የሚቆጠሩ ሞቱ። መስከረም 1980 ላይ ሪላይ ከገበያ ወጣ።

ገዳዩ ቃጫው አልነበረም። ስታፍ የሚባለው፣ በብዙዎቻችን ቆዳና አፍንጫ ላይ በሰላም የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። አንዳንዱ ዝርያው መርዝ ያመነጫል። በደም የተነከረ፣ ሙቅ፣ አየር ይዞ የገባና ለረጅም ሰዓት ያልወጣ ነገር ሲያገኝ ይራባና መርዙን ወደ ደም ይለቃል። በሽታው ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም ይባላል። በስሙ የተጠራው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1978፣ በልጆች ላይ ሲሆን ከታምፖን ጋር ግንኙነቱ የታወቀው በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ጄል ታምፖን ውስጥ መግባቱ ቀረ፣ የመምጠጥ አቅሙ እሽጉ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ፣ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ተመከረ። በሽታውም በጣም ቀነሰ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይሄን ነው፦ «ኬሚካል አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርሰንም። አንዱ ነገር ዓይን ውስጥ መድኃኒት ነው፣ ሆድ ውስጥ ምንም አይልም፣ ብልት ውስጥ ለ12 ሰዓት ሲቀር ደግሞ ለባክቴሪያ ቤት ይሆናል። የት ተቀመጠ? ስንት ሰዓት ቆየ? ንጹህና ደረቅ ነው ወይ? ሦስቱን ጠይቁ። ሞዴስ ከውጭ የሚቀመጥ ስለሆነ ለዚህ በሽታ ያለው ስጋት እጅግ ትንሽ ነው። ግን የሰዓቱ ነገር ለሞዴስም ይሰራል፣ እመለስበታለሁ።

የራሳችን ቃጫ

ከአየር ጤና ተነስታችሁ በሰበታ በኩል ወደ ወልቂጤ የሄዳችሁ ሰዎች እንሰቱን በመስኮት አይታችሁታል። ኮልፌ ውስጥ ቆጮ የማይበላ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። እንሰት ሲፋቅ ልሙ ለቆጮ ይሄዳል፣ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው፤ ለገመድ፣ ለጆንያ ይሆናል። ከግማሽ በላዩ ሴሉሎስ ነው። እሺ፣ ለምን አይመጥጥም? መልሱን አሁን ታውቁታላችሁ። ሊግኒኑ አልወጣለትም፣ ጭረቱም አልተፍታታም። ለገመድ የሚያስመርጠው ጠባዩ፣ ማለትም ጥንካሬውና ውሃን መቋቋሙ፣ ለሞዴስ የማይሆንበት ምክንያት ነው።

ጠባዩን መቀየር ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በማኑ ፕራካሽ የሚመራ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሲሳል ቃጫ ወስዶ (የእንሰት ዘመድ ባይሆንም እኛ በገበያ ቃጫ የምንለው አንዱ እሱ ነው) በፎርሚክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሊግኒኑን አወጣለት። ፎርሚክ አሲድ ጉንዳን ስትነክስ የሚያቃጥላችሁ ነው፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ቁስል ላይ አረፋ የሚያወጣው። ክሎሪን የለበትም። ከዚያ አፍታቱት። የወጣው ነጭ ለስላሳ ነገር በገበያ ሞዴሶች ውስጥ ካለው ጥጥ የበለጠ መጠጠ። የቡድኑ ሐሳብ ግዙፍ ፋብሪካ ሳያስፈልግ ተክሉ ባለበት አካባቢ በትንሽ አቅም መስራት እንዲቻል ነበር።

ጎረቤቶቻችንም ሞክረዋል። ኡጋንዳ ውስጥ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲው ሙሴ ሙሳዚ ከደንገልና ከተጣለ ወረቀት ማካፓድ የተባለ ሞዴስ ሰርቶ ለስደተኛ ካምፖች ጭምር ደርሷል። ደንገል ማለት ጣና ላይ ታንኳ የምንሰራበት ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ደግሞ ከሙዝ ግንድ ቃጫ ይሰራል። ሙዝ የእንሰት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ይሄን ሳነብ ወልቂጤ መንገድ ላይ ያየሁት እንሰት ነው ትዝ ያለኝ።

እኛ አገር በዚህ ጉዳይ ስሟ የሚነሳው ፍረወይኒ መብራህቱ ናት። በነገራችን ላይ ሙያዋ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው። መቀሌ ውስጥ ማርያም ሰባ የተባለ ፋብሪካ አቋቁማ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የጨርቅ ሞዴስ ስትሰራ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። የእሷ መንገድ ሌላ ነው። በየወሩ የሚጣል ከመግዛት አንድ ጊዜ ገዝቶ ማጠብ።

መንግሥት ደግሞ በ2012 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ከውጭ በሚገባ ሞዴስ ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 ዝቅ አድርጎ ነበር። ጥሩ ነው። ግን እዚህ የሚሰራውም ቢሆን ጥሬ እቃው ዞሮ ዞሮ በዶላር የሚገዛ ጥድ ነው። ዶላር ሲወጣ ሞዴስ ይወጣል፤ ሱቁ ውስጥ ዋጋው ሲጨምር የሚያየው ከእኔ ይልቅ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው የቃጫው ምርምር ከሳይንስ ወሬነት በላይ የሚመስለኝ። በእኔ እይታ ገመድ የምንሰራበት ነገር አንድ ቀን ሞዴስ ይሆናል ብሎ ማሰብ ቅዠት አይደለም።

ግን እባካችሁ! ይሄን አንብባችሁ ቃጫ በበረኪና ቀቅላችሁ እንዳትሞክሩ። በፋብሪካ ኬሚካሉ ታጥቦ መውጣቱ ይለካል፣ ንጽህናው ይመረመራል። ቤት ውስጥ የቀረ በረኪና ስስ ገላ ላይ ቃጠሎ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የአንድ ጊዜ ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየር፣ ደም ባይሞላም። ጄሉ እርጥበቱን ደብቆ ላዩን ደረቅ ስለሚያስመስለው «ገና ነው» ያሰኛል። ስር ግን ሙቀትና ላብ አለ። ማሳከክ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ፣ ከመፋተግና ከሽቶ ነው። ሽቶ ያለውን አትግዙ። ብልትን ከውጭ በውሃ ብቻ መታጠብ ይበቃል፣ ውስጡን በሳሙና ወይም በዴቶል ማጠብ የለም።

አረንጓዴ መስመር ያለው «አኒዮን» ሞዴስ ኢንፌክሽን ያድናል፣ እጢ ያሟሽሻል እየተባለ በቴሌግራም በውድ ይሸጣል። አያድንም። ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ማሳከክ ወይም የታችኛው ሆድ ህመም ያላት ሴት የሚያስፈልጋት ምርመራ ነው። በዚያ ብር ክሊኒክ ሂዱበት።

የሚታጠበውን የምትጠቀሙ፣ ምርጫችሁ ጥሩ ነው። ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ማንም ፍርድ አይሰጥባችሁም። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ደሙን አስለቅቁ፣ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ፣ በግልጽ! ሰው እንዳያይ ከፈለጋችሁ ላዩ ላይ ስስ ነጠላ ጣል አድርጉበት፣ አየርና ሙቀት ያልፋል። በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ በካውያ አድርቁት። እርጥቡን አትልበሱ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ውሃ የሚመጣበት ቤት ያለች ልጅ ደግሞ ቤት ስትሆን የጨርቁን፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ የአንድ ጊዜውን ብታደርግ ምንም አይደለም። ሁለቱን መቀላቀል ይቻላል።

ታምፖን ወይም ካፕ የምትጠቀሙ ጥቂቶች፣ ታምፖን ከ8 ሰዓት አይለፍ፣ ካፕ ከ12። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ሽፍታና ራስ መሳት ከመጣ አውጡትና ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ታምፖን ወይም ካፕ እንደነበረም ንገሯቸው።

ዳይፐር ላይ፣ «እስከ 12 ሰዓት ደረቅ» የሚለውን ማስታወቂያ ለሌሊት ተዉት። ቀን ቀን በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ካካ ካለ ደግሞ ወዲያው ይቀየር። መቀመጫው ከቀላ ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፣ ዳይፐሩን አውልቃችሁም ትንሽ አየር ይምታው። ቅላቱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ነው፣ መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ አምጡልን።

ሽንት ቤት ውስጥ አትጣሉ። ጄሉ ቧንቧ ውስጥ ሲያብጥ የኮንዶሚኒየም ሰው ያውቀዋል። ጠቅልላችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አድርጉ። ያ ቆሻሻ የት እንደሚሄድ ለኮልፌ ሰው አልነግርም። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የከተማውን ሁሉ ተሸክሞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የቀበረ ተራራ ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ የሞዴሱ ስር ያለው ፕላስቲክና ጄሉ ግን ለረጅም ዘመን እዚያው ነው። ቆሻሻውን በእጁ የሚለየውን ሰው አስቡና በደንብ ጠቅልሉት።

የመጨረሻው ነገር የደም መጠን ነው። እኛ ሐኪሞች «በቀን ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ?» ብለን የምንጠይቀው ምን ያህል እንደሚፈስ ለመገመት ነው። በቅርቡ አንዲት እህት በድካምና በልብ ምት መጣች። «በቀን ሁለት» አለች። ሁለት ትንሽ ነው፣ ወረቀት ላይ ጤነኛ ትመስላለች። ሄሞግሎቢኗ ግን 7 ነው። «ሁለቱን ብቻ ነው? ሌላ ነገር አትደርቢም?» ብዬ ስጠይቃት፣ አንዱ ሞዴስ ቀኑን ሙሉ እንዲቆይላት በላዩ ላይ ሶፍትና ጨርቅ እየደረበች፣ የሚሞላውን እሱን እየጣለች ነበር። ሞዴሱ ውድ ስለሆነ ተቆጥቦ ነው እንጂ ደሙ ትንሽ ሆኖ አይደለም።

ስለዚህ በሰዓት አንድ ሞዴስ ወይም የደረባችሁት ጨርቅ የሚሞላ ከሆነና ሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የሚበልጥ የረጋ ደም ካለ፣ ከ7 ቀን ካለፈ፣ ወይም ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ካጠራችሁ ኑ። ስትመጡ ሞዴሱን፣ ሶፍቱን፣ ጨርቁን ሁሉ አንድ ላይ ቆጥራችሁ፣ በየቀኑ ስንት እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አምጡልን። ማፈር የለም፣ ቁጥሩ ነው የሚያስፈልገን።